ከከራማው በስተጀርባ ያለው ሰባኪ፦ ሸይኽ ዐብዱልቃዲር ጀይላኒ

ስለ ሸይኽ ዐብዱልቃዲር ጀይላኒ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ከራማቸው፣ ማለትም በእጃቸው ታየ የሚባለው ተአምር ነው። በሐረርም ሆነ በወሎ ስማቸው በዱዓ መካከል ሲጠራ ወይም በመንዙማ ሲወደስ፣ ሰሚው በዓይነ ኅሊናው የሚያያቸው ርቀት የማያግዳቸው፣ የጨነቀው ሰው ሲጠራቸው የሚደርሱ ወሊይ (የአላህ ወዳጅ) ሆነው ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚስቡኝ በአሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ መድረሳ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ይዘው ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ያስተማሩት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሕዝብ ፊት ወጥተው ያለ ርኅራኄ ይገሥጹ የነበሩት የሐንበሊ መዝሀብ (ከአራቱ የሱኒ የሕግ ፈለጎች አንዱ) ዓሊም ናቸው። የወሊዩ ዝና የበቀለው በዚህ ሰባኪ ላይ ይመስለኛል፤ ሰባኪው ሲረሳ ደግሞ ዝናው ከሥሩ የተነቀለ ይሆናል።

የተወለዱት ከካስፒያን ባሕር በስተደቡብ ባለው በጊላን ምድር በ470 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1077 ወይም በ1078 ነው። ዕውቀት ፍለጋ ባግዳድ የገቡት በ1095 ሲሆን፣ ያ ዓመት ታላቁ ኢማም ገዛሊ የኒዛሚያ መድረሳ መምህርነታቸውን ትተው ከከተማይቱ የወጡበት ዓመት መሆኑ ያስገርመኛል። አንዱ ከክብር ወንበር ወርደው የውስጥ መንገድ ፍለጋ ሲወጡ፣ ሌላው በወጣትነታቸው መጽሐፋቸውን ይዘው ገቡ።

ከቤት ሲወጡ የሆነው ትረካ በሰፊው ይታወቃል። እናታቸው አርባ ዲናር በልብሳቸው ውስጥ ከብብታቸው ሥር ሰፍተው፣ ምንም ቢመጣ እንዳይዋሹ ቃል አስገብተው ሸኟቸው። በመንገድ ላይ ሽፍቶች ቅፍለቱን ሲዘርፉ፣ አንዱ ወጣቱን አልፎ እየሄደ ምን እንደያዘ ቢጠይቀው፣ አርባ ዲናር እንዳለውና የት እንደተሰፋም ነገረው። ሽፍታው ቀልድ መስሎት አለፈ። ነገሩ ከአለቃቸው ጆሮ ደርሶ ልብሱ ሲተረተር ገንዘቡ ተገኘ፤ ለምን እንዳልደበቀ ሲጠየቅም የእናቱን ቃል ማፍረስ እንደማይችል መለሰ፤ አለቃውም አልቅሶ ተውበት አደረገ ይባላል። ነገሩ እንደተተረከው ሆኗል አልሆነም ብዬ አልከራከርም፤ ከስብከቶቻቸው መንፈስ ጋር ግን ልክክ ይላል፤ ጀይላኒ ዕድሜ ልካቸውን ከኒፋቅ (ከሃይማኖት ግብዝነት) የበለጠ የታገሉት ጠላት የለምና።

በባግዳድ ፊቅህን ከአቡ ሰዕድ አልሙኸሪሚና ከኢብን ዐቂል ተማሩ። የሱፊውን መንገድ፣ ማለትም ቀልብን የማጥራት የውስጥ ጉዞውን፣ ያሳዩዋቸው ደግሞ ሐማድ አድደባስ የሚባሉ፣ በትምህርት ያልገፉ፣ በሽሮፕ ንግድ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። የሕግ ተማሪው በእኚህ ሰው እጅ ብዙ ተፈትነዋል፤ በሌሎቹ ደረሶች ፊት ይገሠጹና ይመናጨቁ ነበር ይባላል። ከዚያም ባግዳድን እየተው ለረጅም ዓመታት በኢራቅ በረሃዎችና ፍርስራሾች ውስጥ በብቸኝነት ኖሩ። በዚያ ዘመን ስለነበረባቸው ረኀብ ራሳቸው ተናገሩት ተብሎ የተላለፈ ቃል አለ፤ ከወንዝ ዳር የተጣለ የሰላጣ ቅጠል እየለቀሙ ይበሉ ነበር።

ወደ ሕዝብ የተመለሱት በ1127 ገደማ፣ ወደ ሃምሳ ዓመት በተጠጉበት ጊዜ ነው። የመምህራቸውን የአልሙኸሪሚን መድረሳ ተረከቡ፤ አድማጩ ሲበዛ መድረሳው እንዲሰፋ ግድ ሆነ፤ ከእርሱም ሌላ የሱፊዎች ማደሪያ የሆነ ሪባጥ ነበራቸው። በእኔ ግምት የተጽዕኗቸው ምሥጢር እነዚህን ሁለት ቤቶች አንድ ሰው መያዙ ላይ ነው። ጠዋት የሸሪዓ ብይን የሚሰጥ ሰው ማታ ስለ ቀልብ ሲናገር፣ የሕግ ሰዎች ሱፊውን ሊጠረጥሩት፣ ሱፊዎቹም የሕጉን ሰው ደረቅ ነው ሊሉት አይመቻቸውም።

ስብከቶቻቸው በአልፈትሕ አርረባኒ ተሰብስበው ደርሰውናል። ስድሳ ሁለት ናቸው፤ ብዙዎቹም የተነገሩበት ቀንና ቦታ ተጽፎላቸዋል። የመጀመሪያው የተነገረው በ545 ዓመተ ሂጅራ ሸዋል 3፣ እሑድ ማለዳ፣ በሪባጡ ነው፤ የሚጀምረውም ቀደር (የአላህ ውሳኔ) ሲወርድ በአላህ ላይ ማጉረምረም የሃይማኖት ሞት መሆኑን በመናገር ነው። ያለ መግቢያ፣ ያለ ማለሳለሻ። አድማጩን አንዴ «አንተ ልጅ» እያሉ እንደ አባት ያቀርቡታል፣ ወዲያው ደግሞ «አንተ ሙናፊቅ» (አንተ ግብዝ) ብለው ይደርሱበታል። ሹማምንትን፣ ለሹማምንት ያደሩ ዓሊሞችን፣ ሱፍ ለብሰው ልባቸው ገበያ የዋለባቸውን ደርዊሾች አይምሩም። ሌላው ሥራቸው ፉቱሕ አልገይብ አጭርና እምቅ ነው፤ መክፈቻው አማኝ በማናቸውም ሁኔታ ሦስት ነገሮች እንደማይቀሩለት ይናገራል፤ የሚፈጽመው ትእዛዝ፣ የሚርቀው ክልከላ፣ ወዶ የሚቀበለው ቀደር። በሱፊዎች ላይ በብርቱ ሂሳቸው የሚታወቁት ኢብን ተይሚያ ከዚህ መጽሐፍ ከፊሉን በአክብሮት ማብራራታቸውን ብዙ ሰው አያውቅም።

በ1166 ሲሞቱ በመድረሳቸው ተቀበሩ። ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ሊማሩ ከደማስቆ የመጣው ወጣት ኢብን ቁዳማ፣ ኋላ ከሐንበሊ መዝሀብ ታላላቅ ፉቀሃዎች አንዱ ሆኗል። ቃዲሪያ የሚባለው ጠሪቃ (የሱፊዎች ማኅበር) ግን እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ደንብ አውጥተው ያቋቋሙት ማኅበር አይደለም፤ ልጆቻቸውና ሙሪዶቻቸው (ደቀ መዛሙርታቸው) ቀስ በቀስ ያደራጁት ነው። ስለ ከራማቸው የሚተረከው ትልቁ መድብል፣ የአሽሸጥነውፊ በህጀት አልአስራር፣ የተጻፈው ከሞታቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲሆን፣ የራሳቸው መዝሀብ ሰው የሆኑት ኢብን ረጀብ እንኳ እመኑት አይሉም።

ጠሪቃው የሄደበት ርቀት ግን የሚካድ አይደለም። በዛሬዋ ናይጄሪያ በሶኮቶ ዑስማን ዳን ፎዲዮ፣ በአልጄሪያ አሚር ዐብዱልቃዲር፣ በሶማሊያ ሸይኽ ኡወይስ አልበራዊ የዚሁ ሰንሰለት ሰዎች ናቸው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሐረር ትውፊት የቃዲሪያን መግባት በኤደን ከተቀበሩት ከአቡበክር አልዐይደሩስ ጋር ያያይዘዋል። በወሎ ደግሞ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጀማ ንጉሡ ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ ጠሪቃውን ከማስተማርና ከመውሊድ ጋር አዋሕደው አስፋፉት። እኚህ ሸይኽ መድረሳውንና ዚክሩን (የአላህን ስም ማውሳቱን) በአንድ ቅጥር ማኖራቸውን ሳይ፣ ከከራማው ትረካ ይልቅ ለባግዳዱ አሠራር የቀረቡ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ማንበብ ለሚሻ ሰው ከአልፈትሕ አርረባኒ እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ፉቱሕ አልገይብ ቢያጥርም መምህር ይፈልጋል፣ ስብከቶቹ ግን ለገበያተኛውም ለወታደሩም የተነገሩ ናቸው።