85 ሺህ ኪሎ ሜትር የተነዳለት ሚኒቫን

ዩጂ ዮኮያ የ2004 ሞዴል ቶዮታ ሲዬና ዋና መሐንዲስ ሆኖ ሲመደብ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ መኪና ሠርቶ አያውቅም። ቶዮታ ቤት ዋና መሐንዲስ ማለት ሌሎች ኩባንያዎች ፕሮዳክት ማኔጀር የሚሉት ነው፤ ምርቱ የእሱ ነው፣ አብዛኛው ሠራተኛ ግን ተጠሪነቱ ለሌላ አለቃ ነው። ማዘዝ ስለማይችል ማሳመን አለበት። ዮኮያም 50ዎቹን የአሜሪካ ግዛቶች፣ ካናዳንና ሜክሲኮን እየነዳ አያቸው፤ 85,000 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ሚሲሲፒ ድልድይ ላይ የጎን ንፋስ መኪናውን ገፋበት። በሳንታ ፌ ጠባብ መንገዶች መዞር አስቸገረው። አዲሱ ሲዬና ከቀድሞው ተልቆ ሳለ መዞሪያው የጠበበው ከዚህ የተነሣ ነው። አሜሪካውያን ረጅም መንገድ እየነዱ መኪና ውስጥ እንደሚበሉና እንደሚጠጡም አየ፤ የኩባያ ማስቀመጫው 14 ደረሰ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ሦስት ረድፍ ሕፃናት ጭኖ ስድስት ሰዓት የነዳ ሰው አይስቅበትም።

መኪናው ላይ የሚጫነውን ኮምፔንሳቶም እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው መጠን 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ ጃፓን ውስጥ 91 በ182 ሴንቲ ሜትር። ጃፓን ቢሮ ተቀምጦ የጭነት ቦታ የሚለካ ሰው የትኛውን እንደሚያስብ ግልጽ ነው።

ይህን ደንበኛው ያለበት ድረስ ሄዶ በዓይን የማየት ልምምድ ለመሞከር መኪና መሥራት አያስፈልግም። ከመውጣትዎ በፊት የአንድ ወር የደንበኛ ቅሬታ ያንብቡ፤ ከዚያ ሦስት ግምቶችን በቁጥር ይጻፉ፦ «ደንበኛው ክፍያውን በ2 ደቂቃ ይጨርሳል» ዓይነት። «ምን ይጨመርልህ?» ብለው አይጠይቁ፤ የምኞት ዝርዝር ይዘው ይመለሳሉ። ዝም ብለው አጠገቡ ይቀመጡ፣ ሰዓት ይያዙ።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ማስታወሻው ላይ ነው። «ተጠቃሚው ምቾት ይፈልጋል» ተብሎ የተጻፈ ለዲዛይነር ምንም አይነግረውም። «ሹፌሩ ቡናውን ጭኖቹ መሃል አጣብቆ በግራ እጁ ብቻ ይነዳል» ቢባል ግን መለኪያውን አንሥቶ ሥራ ይጀምራል። ሲመለሱ ሦስቱን ግምቶች ከታየው ጋር አስተያይተው የተሳሳተውን ይሰርዙ፤ ወረቀቱንም ከነስርዙ ለቡድኑ ያሳዩ። አለቃ የራሱን ግምት ሲሰርዝ ያየ ቡድን በማግሥቱ የራሱን ግምት ይዞ ይመጣል።