ጨዉ የት ገባ?

ቢሯችን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነበር። ከመካከለኛው አዋሽ፣ ከአሚባራ የመስኖ ጥጥ እርሻ በኩል የመጡት የውሃ ናሙናዎች ውጤት እንደደረሰ አለቃችን ስብሰባ ጠሩ። የወንዙ ኢሲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበት መጠን፤ ጨው በበዛ ቁጥር ይጨምራል) 0.5፣ ትርፍ ውሃ ከእርሻው ከሚያወጣው ማንጣፈፊያ ቦይ የተቀዳው 0.6። እሳቸው ሆዬ ፊታቸው በራ። «እሰይ! ከእርሻው የሚወጣው ውሃ ከወንዙ እኩል ንጹህ ነው» ብለው ሠንጠረዡ አረንጓዴ እንዲቀባ አዘዙ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥሩ ዜና አይደለም» አልኩ።

«ንጹህ ውሃ ጥሩ አይደለም? ቀጥለህ ጤናም መጥፎ ነው በለኝ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ተነስቼ ሰሌዳው ላይ አሰላሁት። 0.5 ማለት በሊትር 320 ሚሊግራም ገደማ ጨው ነው። አንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ 32 ኩንታል ጨው ይገባዋል። ፀሐይና ጥጡ ውሃውን ይወስዳሉ፣ ጨዉን የሚነካው የለም። ከገባው ውሃ አንድ አምስተኛው ሰርጎ ጨዉን አጥቦ ቢወጣ፣ ጨዉ አምስት እጥፍ ስለሚጠነክር ማንጣፈፊያው ላይ 2.5 አካባቢ ማንበብ ነበረብን። 0.6 የመጣው ከትልሙ ጫፍ የተረፈው ውሃ አፈር ውስጥ ሳይሰርግ በቀጥታ ቦዩ ውስጥ ስለሚደፋ ነው።

«ቲዮሪ ነው» አሉ አለቃችን።

ይሄኔ ለአበል ጉዳይ የተጠራችው ሒሳብ ሹማችን ከካልኩሌተሯ ቀና አለች። «ቆይ፣ 32 ኩንታል ገቢ ሆኗል፣ ወጪ ግን የለም። ታዲያ መጋዘን ውስጥ ነዋ!»

«የምን መጋዘን?»

«መሬቱ ነዋ ጋሼ። እኔ እንዲህ ያለ የዕቃ ሒሳብ ባቀርብልዎ ይፈርሙልኛል?»

መልስ አልነበራቸውም፤ ስብሰባው ለሻይ ተበተነ። ሪፖርቱ ግን አረንጓዴውን ለብሶ ሄደ። የተለወጠው «በጣም ጥሩ» የሚለው «ጥሩ» መሆኑ ብቻ ነው። በአሚባራ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ እየመጣ ስንት የጥጥ መሬት ነጭ ጨው ለብሶ እንደተተወ የጻፍኩባት አንቀጽ ደግሞ «ከርዕስ ውጭ» ተብላ ተሰረዘች።

ከዓመታት በኋላ ስታዲየም አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ተዘጋጀ። አሠልጣኙ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? «እኔ ሁሌም እንደምለው» አሉ፣ «መሬት መጋዘን ነው፤ የጨው ገቢና ወጪው ይመዝገብ!»

ሒሳብ ሹሟ ኋላ ወንበር ላይ የአበል ፎርም ትሞላለች። «ሰማሽ?» አልኳት።

«ያለ ደረሰኝ ነው የወሰዱት፣ በምን ልጠይቃቸው? ይልቅ እዚህ ጋ ፈርም።»