የጥምቀት ሰላምታ ከልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት ጋር

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ! ነገ ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ጎንደርም ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በእንግዳ ተሞልታለች። ዘንድሮ መምጣት ላልቻላችሁ ወዳጆቼ በያላችሁበት በዓሉ የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ።

በበዓል ሰሞን ቡና ተፈልቶ ሲቀመጡ ጨዋታው ከዘመድ ወሬ፣ ከኑሮ ውድነትና ከእግር ኳስ ብዙም አያልፍም። እኔ ግን ቤቴ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ ሰሞኑን ምን እንዳነበበ መጠየቅና እኔም የወደድሁትን መጠቆም ልማዴ ሆኗል። የምጠቁመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወንጀል ምርመራ፣ የስለላ፣ የሳይንስ ልብ ወለድ ወይም አስፈሪ ታሪክ ስለሆነ፣ «እሱማ ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብሎ ፊቱን የሚያጨማድድ የተማረ ሰው አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ሰው መልሴ ከጣና ዳር ይመጣል። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀውና ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው መጽሐፍ ጦርነት አለበት፤ ምርኮ አለበት፤ የጠፋ ወንድም ፍለጋ አለበት፤ የወንድ ልብስ ለብሳ ማንነቷን የደበቀች ልጃገረድም አለችበት። ልብ ወለዳችን ገና ሲጀመር አንባቢን ማንጠልጠል ካላሳፈረው፣ እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ይሁን እንጂ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ መጠቆም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሌላ ዓይነት ልብ ወለድ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ብንተርከው እንኳ ለአንባቢው የሚተርፍ ብዙ ነገር ይኖራል፤ በምርመራ ልብ ወለድ ግን ገዳዩን የነገረን ሰው መጽሐፉን ከእጃችን ነጥቆናል። ስለዚህ መናገር ያለብን በታሪኩ ውስጥ የሆነውን ሳይሆን በእኛ በአንባቢዎቹ ላይ የሆነውን ይመስለኛል። ለምሳሌ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ስላሳተመችው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» የምናገረው ይህን ብቻ ነው፦ ጨርሼ እንደከደንሁት ወዲያው ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመልሼ ያለፍኋቸውን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ መረመርሁ፤ ፍንጩ ሁሉ ከዓይኔ ሥር ተቀምጦ ነበር። ይህን ሰምቶ መጽሐፉን የማይፈልግ ሰው፣ ታሪኩን ብተርክለትም አያነብበውም።

ሰው መምረጥም ያስፈልጋል። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የሚማር የእህቴ ልጅ አለ፤ ልብ ወለድ የሚባል ነገር አይወድም። አርተር ኮናን ዶይል ራሱ ሐኪም እንደነበረ፣ መርማሪውን ሼርሎክ ሆልምስንም ሲፈጥር በኤድንብራ ያስተማረውን ጆሴፍ ቤልን በዓይነ ሕሊናው እንደያዘ ነገርሁት። ቤል ታካሚው አፉን ሳይከፍት፣ በአለባበሱና በእጁ ብቻ፣ ሥራውንና የመጣበትን ቦታ በመገመት የታወቀ መምህር ነበር። ልጁ አጫጭሮቹን ታሪኮች አንብቦ ሲመለስ ስለ ሆልምስ አንድም ነገር አላወራኝም። «ጋሼ፣ ራውንድ ላይ ታካሚዎቹን ስንዞር እኛ ካርዱን ስናገላብጥ ሲኒየሩ ለካስ የታካሚውን ጥፍር ነው የሚያየው» አለኝ። ስለ መጽሐፍ ከሰማኋቸው አስተያየቶች ይህን የሚያህል አላስታውስም፤ የታሪኩ አንዲት ክር ሳትመዘዝ፣ መጽሐፉ አንባቢው ላይ ያደረገውን ይነግረኛልና።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ላይ ደግሞ የምናጠፋው በሌላ መንገድ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. መውጣቱን፣ መታገዱንና ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛው መጥፋቱን እናስቀድማለን። መነገር ያለበት እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ብቻ የሰማ ወጣት መጽሐፉን እንደ ግዴታ ያነሣዋል። እኔ የምጠቁመው እንደ ስለላ ታሪክ ነው፦ ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ይሄዳል፤ ማን ለማን እንደሚሠራ በማይታወቅበት ከተማ ፍቅር ይይዘዋል። ፖለቲካውን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

አስፈሪ ታሪክ ለሚወዱ የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» አስቀድማለሁ። አወጣጡም ለበዓል ጨዋታ የሚሆን ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ በቀጣዩ ዓመት የአውሮፓ በጋ በዝናብና በብርድ ተበላሸ፤ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ቤት የተዘጋባቸው ወዳጆችም የመናፍስት ታሪክ ሲያነብቡ ቆይተው፣ እንግሊዛዊው ገጣሚ ሎርድ ባይረን «እያንዳንዳችን አንድ እንጻፍ» አለ። ሜሪ ያኔ የ18 ዓመት ወጣት ነበረች፤ መጽሐፉም በ1818 ያለ ስሟ ታተመ። ብዙ ሰው ፍራንከንስታይን የአውሬው ስም ይመስለዋል፤ ስሙ የፈጣሪው ነው፣ ፍጡሩ ስም እንኳ አልተሰጠውም። እኔን ያስደነገጠኝም መልኩ አይደለም። በአንዲት ጎጆ ግድግዳ ቀዳዳ ቤተሰቡን አጮልቆ እያየ ቋንቋ ይማራል፤ ወድቀው ያገኛቸውን መጻሕፍት ያነብባል፤ ከዚያ ወዲያ ሲናገር የምትሰሙት አንደበት የአውሬ አይደለም። እዚያ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሥቻለሁ፤ የቀረውን አልነግራችሁም።

እንግዲህ እናንተም በዚህ በዓል ጠቁሙኝ። የመጽሐፉን ስም፣ የት ላይ ስትደርሱ እንቅልፍ እንዳጣችሁና ለማን እንደምትሰጡት ብቻ ጻፉልኝ። የማውሳችሁን መጽሐፍ ግን ዐቢይ ጾም ሳይገባ መልሱ፤ አምና በውሰት የወጣ አንድ የስለላ መጽሐፌ እስካሁን ከስለላው አልተመለሰም። ለቃና ዘገሊላ የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት ሸኝቼ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ኑ፣ እንጫወት፤ ያላነበበ ሰው ባለበት ግን ስለ አክሮይድ አይወራም።