ከዝናቡ በፊት የዞረ ነፋስ

ቅዳሜ፣ የዳግም ትንሣኤ ዋዜማ

ዛሬ በኮምፒውተሬ የበረራ ሲሙሌተር ከድሬዳዋ ተነሥቼ ቦሌ ካረፍኩ በኋላ ደብተሬን ከፍቼ ሳልጽፍ ብዙ ቆየሁ። ደብተሩ ሦስት ዓምዶች አሉት። በመጀመሪያው በየትኛው መንደርደሪያ እንደማርፍ የገመትኩትን፣ በሁለተኛው ምክንያቴን፣ በሦስተኛው የሆነውን እጽፋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሞተር ሳይነሣ መሞላት አለባቸው፤ ካረፉ በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ሁሉ ትክክል መስሎ ስለሚታይ ይህን ሕግ ለራሴ ካወጣሁ ቆይቻለሁ። ዛሬ ያስቸገረኝ ሦስተኛው ዓምድ ነው።

ቦሌ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መንደርደሪያዎች ቢኖሩትም ሁለቱም የተዘረጉት በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ለእኔ ጥያቄው አንድ ነው፦ 07 ወይስ 25? ቁጥሮቹ አውሮፕላኑ ፊቱን ያዞረበትን የኮምፓስ አቅጣጫ ይናገራሉ፤ 07 ማለት ወደ 70 ዲግሪ ገደማ፣ 25 ማለት ወደ 250 ገደማ ነው። በ07 የሚያርፍ ከምዕራብ መጥቶ ወደ ምሥራቅ እያየ ይወርዳል፣ በ25 የሚያርፍ ደግሞ ከምሥራቅ መጥቶ ወደ ምዕራብ እያየ ይወርዳል። በአየር ጠባይ ሪፖርቱ፣ ሜታር በምንለው፣ የሚሰፍረው የነፋስ ቁጥር ግን ነፋሱ የሚመጣበትን እንጂ የሚሄድበትን አይናገርም። በጀማሪነቴ ይህን እያምታታሁ ብዙ ጊዜ ነፋስ ከጀርባዬ እየገፋኝ አርፌያለሁ። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ሲያርፍ በመሬት ላይ ያለው ፍጥነት ስለሚቀንስ አጭር ርቀት ይበቃዋል፤ የትንበያው ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

ቦሌ ላይ ይህ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የፍጥነት መለኪያዬ 120 ኖት (በሰዓት 120 የባሕር ማይል) እያሳየኝ በ23 ዲግሪ ሙቀት አውሮፕላኑ በእውነት የሚጓዘው ወደ 140 ኖት ገደማ ነው። በዚህ ላይ 10 ኖት የኋላ ነፋስ ሲጨመር መሬቱን የምነካው በ150 ይሆናል። የብዙ መንገደኛ አውሮፕላኖች የኋላ ነፋስ ገደብ ደግሞ 10 ኖት ነው፤ 15 የሚፈቀድላቸውም አሉ። ከድሬዳዋ ለሚመጣ ሰው ሌላም ነገር አለ። የምመጣው ከምሥራቅ ስለሆነ 25 ከሆነ በቀጥታ እገባለሁ፤ 07 ከሆነ ግን ማረፊያውን አልፌ ወደ ምዕራብ ሄጄ መዞር ይኖርብኛል። ከ22,000 ጫማ ለመውረድ 43 የባሕር ማይል ያህል ስለሚያስፈልገኝ፣ መንደርደሪያውን ካልገመትኩ መቼ መውረድ እንደምጀምርም አላውቅም።

ለመገመት የምከተለው መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወቅቱን አስባለሁ፤ በበጋ የአዲስ አበባ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ 07 ይጠበቃል፣ ክረምት ሲገባ ግን እርጥቡ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ነገሩን ይለውጠዋል። ቀጥሎ ሜታሩን አያለሁ፤ ሰዓቱ በዙሉ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ስለሚጻፍ ሦስት ቀንሼ ወደ እኛ አቆጣጠር እመልሰዋለሁ፣ 1100 ዙሉ ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ የነፋሱንና የመንደርደሪያውን አቅጣጫ ልዩነት እንደ ሰዓት ደቂቃ ቆጥሬ፣ ከነፋሱ ምን ያህሉ ከጎን እንደሚመታኝ አሰላለሁ፦ 15 ዲግሪ ሩብ፣ 30 ግማሽ፣ 45 ሦስት ሩብ፣ 60 ሙሉ። በ07 ሳርፍ ከ120 ዲግሪ 16 ኖት ቢነፍስ ልዩነቱ ወደ 45 ገደማ ስለሆነ 12 ኖት ያህሉ የጎን ነፋስ ነው። ስሌቱ ሸካራ ነው፤ ነገር ግን እጅ በመሪው ላይ ሳለ የሚሠራ ስሌት ከዚህ በላይ መሆን የለበትም። ነፋሱ ደካማ ሲሆን ግን ውሳኔው የነፋሱ ብቻ አይሆንም። በለንደን ሂትሮው የኋላ ነፋሱ ከ5 ኖት እስካልበለጠ ድረስ አውሮፕላኖቹን ወደ ምዕራብ ማሳረፍና ማስነሣት ይመረጣል፤ ይህን ሳላውቅ እዚያ ያደረግኳቸው ግምቶች ደጋግመው ከሽፈዋል።

የዛሬው ሜታር ቀላል ነበር፤ ከ090 ዲግሪ፣ 12 ኖት፣ ጥሩ እይታ፣ ጥቂት ደመና። «07፤ ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ወቅቱም የእሱ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የትንበያው መልእክት፣ ታፍ የሚባለው፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ነጎድጓድና ኃይለኛ ነፋስ ሊኖር እንደሚችል ይናገራል። አንብቤዋለሁ፤ በምክንያቴ ውስጥ ግን አላስገባሁትም።

በ8 ሰዓት ከ5 ተነሣሁ። 22,000 ጫማ ላይ ሆኜ መውረዴን ልጀምር ስል፣ ከግማሽ ሰዓት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ፣ እማዬ ከግቢ ጠራችኝ፦ «ልጄ፣ ነፋሱ ዞሯል፤ ዝናቡ ሳይደርስ ና ልብሱን አግዘኝ።» አውሮፕላኑን ለአውቶፓይለቱ ትቼ ወጣሁ። ለነገው በዓል ያጠበቻቸው ነጠላዎችና አንሶላዎች ገመዱ ላይ ነበሩ። ጠዋት ቡና ስንጠጣ ያ ትልቁ ነጭ አንሶላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግድግዳው ሲገፋ አይቼዋለሁ፤ አሁን በተቃራኒው ወደ በሩ ተወጥሮ መቆንጠጫዎቹን ሊነቅል ይታገላል። አየሩ በድንገት ቀዝቅዟል፤ የራሰ አፈር ይሸታል፤ ገርጂ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም። በምዕራብ ወጨጫ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በቦታው ጥቁር ደመና ቆሟል። ከደመናው የወረደው ዝናብ ያቀዘቀዘው ከባድ አየር መሬት መትቶ ወደ ዙሪያው ሲፈስ፣ ከዝናቡ ቀድሞ ነፋሱን ይገለብጠዋል። ይህን ማንበቤን አስታውሳለሁ፤ አንሶላ ይዤ መሐሉ ቆሜ ግን አላውቅም። እማዬ ስለ ሜታር አንድም ነገር ሳትሰማ በዓይኗ አይታ ወስናለች፤ ውሳኔዋም ትክክል ነበር።

ተመልሼ ስቀመጥ ስክሪኑ አሁንም ከ090፣ 12 ኖት ይላል። ሲሙሌተሩ የአሁኑን የአየር ጠባይ ከኢንተርኔት ቢያመጣም የሚያውቀው እስከ መጨረሻው ሪፖርት ድረስ ነው፤ ሪፖርቱ ደግሞ የወጣው በ8 ሰዓት ነው። የሲሙሌተሩ የበረራ ተቆጣጣሪ 07 ሰጠኝ። ማረፊያውን አልፌ ወደ ምዕራብ ሄድኩ፣ በወጨጫ በኩልም ዞርኩ። በስክሪኑ ላይ እዚያ ጥቂት ነጫጭ ደመናዎች ነበሩ፤ በመስኮቴ በኩል ግን በዚያው አቅጣጫ መብረቅ ሲበርቅ አያለሁ። ያን ሰዓት በእውነት በአየር ላይ የነበረ ማንም ሰው ወደዚያ አይዞርም ነበር። በ8 ሰዓት ከ55 በመንደርደሪያው መሐል መስመር ላይ፣ በለሰለሰ ሁኔታ በ07 አረፍኩ። የ9 ሰዓቱ ሪፖርት ሲወጣ ከ260 ዲግሪ፣ 18 ኖት፣ ሲበረታ 28፣ ነጎድጓድና ዝናብ ይል ነበር። በአንድ ጊዜ የስክሪኑ ነፋስ ተገለበጠ።

እንግዲህ ግምቴ በፕሮግራሙ ዘንድ ትክክል ነው። እኔ ግን ይህን ደብተር የጀመርኩት ፕሮግራሙ የሚለውን ለመገመት አይደለም፤ ሰማዩን ማንበብ ለመማር ነው። ቁጥሩን እንደ ቆመ ነገር ማንበቤ ዛሬ ከልብ አሳዘነኝ። «090፣ 12 ኖት» ማለት በ8 ሰዓት እንዲህ ነበር ማለት ነው። የማርፈው በ9 ሰዓት አካባቢ ከሆነ፣ መጠየቅ የነበረብኝ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ፣ ጠዋቱ እንዲህ ሞቆ ከዋለ፣ ደመናውም በተራራው ላይ ማደግ ከጀመረ፣ ያ ነፋስ አንድ ሰዓት ይቆያል ወይ የሚለውን ነበር። መልሱ በታፉ ውስጥ ተጽፎ ነበር። በምክንያት ዓምዴ ላይ «07፤ ነጎድጓዱ ከምዕራብ ቀድሞ ከደረሰ 25፣ በቀጥታ መግቢያ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ የመውረጃዬን ሂሳብ ለሁለቱም አዘጋጅቼ እመጣ ነበር።

አሁን ዝናቡ ቆሟል፤ የተሰበሰበው ልብስ ሳሎን ውስጥ በየወንበሩ ላይ ተሰጥቷል። በሦስተኛው ዓምድ ላይ ይህን ጻፍኩ፦ «በ8፡55 በ07 አረፍኩ። ነፋሱ በ8፡30 ዞሮ ነበር። መንደርደሪያው 25 ነበር።»