ሁለት ስፒከር፣ ሦስት አምፕሊፋየር

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ገብቼ «ሪሲቨር አላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ሻጩ ሳያመነታ የዲሽ ሪሲቨር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። «ለስፒከር የሚሆን ነው የምፈልገው» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሌላ የዲሽ ሪሲቨር አወጣ፤ ይኼኛው የፍላሽ መሰኪያ አለው። አልፈረድኩበትም። እኛ ዘንድ ሪሲቨር ማለት ከሳህኑ ምስል የሚቀበለው ሣጥን ነው። በድምፅ ዕቃ ቋንቋ ግን ሪሲቨር የሚባለው ሬዲዮ በውስጡ ያለው አምፕሊፋየር፣ ማለትም ደካማውን የድምፅ ምልክት አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጥ ዕቃ ነው። «ድምፅ ማጉያ» ብለው ደግሞ ስፒከሩንም፣ አምፕሊፋየሩንም፣ የሰርግ ቤት ማይክሮፎኑንም ሊያወጣልኝ ይችል ነበር።

ነገሩ የጀመረው አጎቴ ቤቱን ሲለቅ ነው። ሁለት የእንጨት ስፒከሮች፣ አንድ ሸክላ ማጫወቻና አንድ ካርቶን ሙሉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ተወልኝ። ከሸክላዎቹ መካከል እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ይገኙበታል። አምፕሊፋየሩን ግን ከዓመታት በፊት ሸጦት ነበር። ስለዚህ የጎደለኝ ዕቃ አንድ ብቻ ነው ብዬ ወጣሁ። ያንን አንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ገዛሁት።

የመጀመሪያውን የመረጥኩት በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው፤ 3000 ዋት ይላል። ከጎኑ ባሉ ደቃቅ ፊደላት ደግሞ «ፒኤምፒኦ»። ቤት አምጥቼ ጀርባውን ሳዞረው የተለጠፈችው ምልክት ከግድግዳው የሚወስደው ኃይል 60 ዋት መሆኑን ትናገራለች። ከግድግዳ 60 የሚወስድ ዕቃ 3000 ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ፒኤምፒኦ ወጥ የሆነ የአለካክ ደንብ የሌለው፣ ለካርቶን ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ነው። ሊጠየቅ የሚገባው አርኤምኤስ የሚባለው፣ ዕቃው ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው፤ እሱም የትኛውም ገጽ ላይ አልተጻፈም።

የድምፁን ቁልፍ ከግማሽ በላይ ሳዞረው ዘፋኙ ጉንፋን እንደያዘው ሰው መሻከር ጀመረ። እኔም ያንን እንደ ጉልበት ቆጠርኩት። በፋሲካ ማግስት ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ ሳለ የግራው ስፒከር ቀጭን ድምፁን አጣ፤ ጸናጽሉም «ሰ» እና «ሸ»ም ጠፉ። ስፒከሩን ተሸክሜ ሰፈራችን ወዳሉት ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። በመልቲሜትር ነካ ነካ አድርገው ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ መቃጠሉን ነገሩኝ።

«ጋሼ፣ አምፕሊፋየሩ እኮ ትንሽ ነው፤ ትንሽ አምፕሊፋየር እንዴት ስፒከር ያቃጥላል?»

«ትንሽ ስለሆነ ነዋ» አሉኝ፣ የብየዳውን ካውያ እያስቀመጡ።

አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ቆርጦ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ከዚህ መቆረጥ የሚወለደው ትርፍ ድምፅ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ስለሆነ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ትዊተሩ ነው፤ ትዊተሩ ደግሞ ለጥቂት ዋት የተሠራ ስስ ነገር ነው። ጉልበት ብዬ የቆጠርኩት መሻከር ማስጠንቀቂያ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። ከአንድ ወዳጄ ለሰባት ስፒከር የተሠራ፣ ሁለት እጅ የሚፈልግ የሆም ቲያትር ሪሲቨር ገዛሁ። ይህን ዕቃ ማማት አልፈልግም። በአንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀበላል፣ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፁ ይጨምራል ይቀንሳል፣ የሳብዉፈር፣ ማለትም የወፍራም ድምፅ ስፒከር፣ መውጫም አለው። ፊልም አዘውትሮ የሚያይና ስፒከር ለመጨመር ያሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። እኔ ግን ሁለት ስፒከር ነው ያለኝ፤ አምስቱ መውጫ አቧራ ይበላል። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ አቧራ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ለየአንዳንዱ ስፒከር መቶ ዋት ይሰጣል የተባለውም ሲታይ ሌላ ነው። መመሪያውን ሳነበው መቶው የተለካው አንድ ቻናል (የአንድ ስፒከር መውጫ) ብቻ ሲሠራ፣ በ6 ኦም (ኦም የስፒከሩ የመቋቋም መለኪያ ነው)፣ በአንድ ድግግሞሽ ላይ ነው። ሁለት ቻናል በ8 ኦም፣ ጆሮ በሚሰማው ክልል በሙሉ፣ ማለትም ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ሲለካ 70 ይላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ትልቁ ቁጥር ከፊት፣ እውነተኛው ቁጥር ገጽ 40 ላይ ነው የሚጻፈው።

ሸክላ ማጫወቻውን ስሰካበት ደግሞ ድምፁ ከጎረቤት ግድግዳ ጀርባ የሚመጣ መሰለ። የሸክላ መርፌ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ስለሆነ መልሶ የሚያስተካክለው ክፍል ያስፈልጋል። ይህ ክፍል «ፎኖ» ተብሎ የተጻፈበት መግቢያ ያለው አምፕሊፋየር ውስጥ ይገኛል። የእኔ አልነበረውም። ሰባት ቻናል ያለው ዕቃ ገዝቼ የአጎቴን ሸክላ መስማት አልቻልኩም።

ይህን ሪሲቨር እንድተወው ያደረገኝ የመጨረሻው ምክንያት ግን ዳንቴል ነው። ሪሲቨሩን ያስቀመጥኩት ሳሎናችን ባለው ቡፌ ውስጥ፣ ከሲኒዎቹ አጠገብ፣ መስታወቱ ተዘግቶ ነው። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ላይ ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት እንደሠራ ጠቅ ብሎ ይጠፋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ይሠራል። የኤሌክትሪክ ችግር ነው ብዬ መሰኪያውን ቀየርኩ፤ ገመዱን ቀየርኩ። አንድ ቀን ቡፌውን ስከፍት እናቴ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል በሪሲቨሩ አናት ላይ ዘርግታዋለች፣ በዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ በአበባ ማስቀመጫው ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ። ዳንቴሉን ሳነሳው የሙቀት መውጫ ቀዳዳዎቹ ረድፍ በረድፍ ታትመውበታል፤ ብረቱ እንደተጣደ ምጣድ ይፋጃል። ዕቃው እንዳይቃጠል ራሱን ማጥፋቱ ነበር። ጥፋቱ የዳንቴሉ ብቻ አይደለም፤ ቡፌ ውስጥ አየር የለም። አምፕሊፋየር ከላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ለመሆኑ አንተ ስንት ዋት ነው የምትሰማው?» አላውቅም። ቅዳሜ መጥተው መልቲሜትራቸውን ወደ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ አዙረው ሁለቱን መንካኪያዎች በቀኙ ስፒከር ቀይና ጥቁር መያዣ ላይ ያዙ። «ሁልጊዜ በምትሰማው ልክ ክፈተው» አሉኝ። ቁጥሩ ይዘላል፤ 1.8፣ 2.4፣ 2.6 ቮልት። ቮልቱን በራሱ አባዝቶ በ8 ኦም ማካፈል ነው፤ 2.6 ሲባዛ በ2.6፣ ሲካፈል ለ8፣ 0.85 ዋት። አንድ ዋት እንኳን አልሞላም! እናቴ ከጓዳ «ቀንሱት» እስክትል ድረስ አሳደግነው፤ 6 ቮልት፣ 4.5 ዋት።

እንዲህ ያለ መልቲሜትር ሙዚቃን በትክክል አይለካም፤ አማካዩን እንጂ ከበሮው ሲመታ ያለውን ጫፍ አይዝም። ጫፉ ከአማካዩ አሥር እጥፍ ኃይል ሊጠይቅ ይችላል። በዚያም ሂሳብ እናቴን የሚያስጮኸው ድምፅ 45 ዋት ነው የሚፈልገው። ለሳሎናችን ባለ 50 ዋት አምፕሊፋየር ይበቃል ማለት ነው።

ያኔ ነው ስፒከሮቹ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ያነበብኩት፤ 8 ኦም፣ 87 ዴሲቤል። ሁለተኛው ቁጥር አንድ ዋት ተሰጥቶት በአንድ ሜትር ርቀት የሚያወጣው ድምፅ ነው። ኃይሉን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ደግሞ አሥር እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። እንግዲህ ከባለ 50 ወደ ባለ 100 ዋት ለመሻገር የሚከፈለው ብዙ ብር የሚገዛው ያቺን 3 ዴሲቤል ነው። ከመደብር መደብር ዋት ሳነጻጽር ቤቴ የተቀመጠውን ቁጥር አለማየቴ አሁንም ያናድደኛል።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ቀለለ። ሁለት ቻናል፣ 50 ዋት አካባቢ በ8 ኦም፣ የፎኖ መግቢያ። ሬዲዮ የሌለው አምፕሊፋየር ይሁን ወይስ ሪሲቨር የሚለውን የወሰነችው እናቴ ናት፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ቁልፍ ተጭና ሬዲዮ መስማት ትፈልጋለች እንጂ ምናሌ መቆፈር አትፈልግም። ስለዚህ ሪሲቨር። ቴሌቪዥናችን ከኤችዲኤምአዩ ሌላ ያለው የድምፅ መውጫ ኦፕቲካል፣ ማለትም ዲጂታል ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፈው፣ ብቻ ስለሆነ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የምትቀይር የክብሪት ሣጥን የምታክል ዕቃ ጨመርኩ።

ያገለገለ ለመግዛት አዲስ አበባ ሄድኩ። የመጀመሪያው ያየሁት በጣም ያማረ ነበር፤ ጀርባው ግን «100 ቮልት» ይላል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው። እኛ ግድግዳ ላይ ያለው 220 ነው፤ ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ሳይኖር መሰካት ማለት በዚያው ቅጽበት ማቃጠል ነው። ሻጩ «ችግር የለውም፣ ይሠራል» አለኝ። እሱ ሱቅ ትራንስፎርመሩ ጠረጴዛው ስር አለ፤ እኔ ቤት የለም። ሁለተኛው 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ነበር። ጋሼ ባዘዙኝ መሠረት ምንም ሳይጫወት በስፒከር መውጫዎቹ ላይ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ለካሁ፤ ከ50 ሚሊቮልት ካለፈ እንድተወው ነግረውኝ ነበር፤ 12 እና 9 አሳየ። ሲበራ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ስፒከሩን የሚጠብቀው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ጠቅ አለ። የድምፅ ቁልፉን ቀስ ብዬ ሳዞረው ትንሽ ተንኮሻኮሸ፤ ይህ አቧራ ነው፣ በማጽጃ ይለቃል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ እየሠራ እንዲቆይ ስጠይቅ ሻጩ ፊቱን አጠቆረ፤ እኔም ቡና አዘዝኩለት።

አዳማ ደርሼ ስሰካው ወፍራሙ ድምፅ የለም። በሦስተኛውም ተሸወድኩ ብዬ ቁጭ አልኩ። የተጠቀምኩት ተራውን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ለአምስት ሜትር ርቀት ከበቂ በላይ ነው፣ ግን ሁለቱም ሽቦ አንድ ቀለም ስለሆነ የትኛው ወደ ቀዩ እንደሄደ ረስቻለሁ። ገመዶቹን ከሪሲቨሩ ነቅዬ የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ አውጥቼ ወደ ቀዩ ይሄዳል ያልኩትን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ለቅጽበት ነካሁ። የቀኙ ስፒከር ሸራ ወደ ፊት ወጣ። የግራውን ስነካ ወደ ውስጥ ገባ። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ወፍራሙን ድምፅ ይሰራረዙት ነበር። ሁለቱን ሽቦ ገልብጬ ስሰካ ቤዙ ተመለሰ፤ ሰዓቱ ግን ባትሪው ስላልተመለሰለት እስከ ማግስቱ ቆሞ ዋለ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ስለሚዋዥቅ በስታቢላይዘር በኩል ነው የሚሠራው፤ ቡፌ ውስጥም አልገባም፣ ክፍት መደርደሪያ ላይ ነው። እናቴ ዳንቴሉን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ለሁለት ከፍላ ስፒከሮቹ አናት ላይ ዘርግታዋለች። እዚያ ሙቀት የለም፤ ጽጌረዳው ግን ከበሮ ሲመታ ይንቀጠቀጣል።