በመቶዎች የሚቆጠሩ የዝግጅት ገጾችን የፍለጋ ርዕስና መግለጫ በጅምላ ያደስኩበት መንገድ

በአዲስ አበባ የሚካሄዱ ኮንሰርቶችን፣ ቴአትሮችን፣ የበዓል ባዛሮችን፣ የሥዕል ዐውደ ርዕዮችንና ጉባኤዎችን የሚያስተዋውቅ አንድ ድረ ገጽ እንዳስተካክል ኃላፊነት ሲሰጠኝ፣ ያለፉትም የሚመጡትም ተደምረው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝግጅቶች በዳታቤዙ ውስጥ ተመዝግበው ነበር። የገጾቹ ይዘት በጥንቃቄ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ በጎግል ሲፈለጉ የሚታየው ርዕስና ከሥሩ የሚሰፍረው አጭር መግለጫ ለአንባቢው የሚነግሩት ቁም ነገር አልነበራቸውም። በርካታ ገጾች «እንዳያመልጥዎ» ወይም «ልዩ ዝግጅት» የሚል ተመሳሳይ ርዕስ ስለያዙ፣ የበዓል ባዛር የሚፈልግ ሰው የዘንድሮውን ከአምናው መለየት አይችልም ነበር። ስለዚህ ሥራውን ስጀምር አንድ መመዘኛ አስቀመጥኩ፦ አንባቢው ሊንኩን ሳይከፍት ዝግጅቱ ምን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደሚካሄድ ማወቅ አለበት።

የጅምላ እድሳት ሲነሳ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መሣሪያው ነው። ድረ ገጹ ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ ስለነበር፣ በላዩ የተጫነው ዮስት የተባለው ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ርዕስና መግለጫን በተርታ ለማረም የሚያስችል የራሱ ሰንጠረዥ አለው፤ ገጾቹ ጥቂት ቢሆኑ ኖሮ ከዚያ የተሻለ ባላስፈለገ ነበር። ገጾቹ በመቶዎች ሲቆጠሩ ግን ርዕሱ ከዝግጅቱ መረጃ በቀመር እንዲቀናበር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ የዝግጅቱ ዓይነት፣ ስም፣ ቦታ፣ መጀመሪያና ፍጻሜ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አምድ መቀመጥ አለባቸው። እኛ ዘንድ ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተደባልቀው ነበር። ከሥራው ጊዜ አብዛኛውን የወሰደውም ይህን መለያየት ነው። አንዱ አዳራሽ «ሚሊኒየም»፣ «ሚሌኒየም» እና «ሚሊንየም» ተብሎ ስለተጻፈ፣ የቦታ ስሞች ለብቻቸው በአንድ ዝርዝር ተመዝግበው እያንዳንዱ ዝግጅት ከዚያ ዝርዝር እንዲመርጥ አደረግሁ። ይህ አሰልቺ የሚመስል ሥራ ካልተሠራ የትኛውም መሣሪያ ቢመረጥ ውጤቱ ያው ዝብርቅርቅ ነው የሚሆነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የጠየቀው የቀንና የሰዓት ጉዳይ ነበር። የፍለጋ ሞተሮች የዝግጅትን ቀን የሚረዱት በገጹ ኮድ ውስጥ በሚቀመጠው፣ ስኪማ በተባለው ለማሽን የተዘጋጀ መረጃ ሲሆን፣ ይህ መረጃ አይ.ኤስ.ኦ 8601 በተባለው ደንብ መሠረት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት በቅደም ተከተል ተጽፈው በመጨረሻ የእኛን የሰዓት ክልል የሚያመለክተው +03:00 እንዲታከልበት ይጠይቃል። እኛ ግን የምንጽፈው ለምሳሌ «ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት» ብለን ነው። ይህን ሐረግ ማሽኑ እንዳለ ቢወስደው፣ 2017 የሚለው እንደ ጎርጎርዮስ ዓመት ተቆጥሮ ዝግጅቱ ከዓመታት በፊት ያለፈ ይሆናል፤ ሁለት ሰዓቱም እንደ 02:00 (በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት) ይቆጠራል። ትክክለኛው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025፣ 20:00 ነው። ፍጻሜው ደግሞ 02:00 ነው፤ በእኛ ልማድ ገና የዚያው ሌሊት ቢሆንም በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ሆኗል። በርካታ የምሽት ዝግጅቶች መጀመሪያቸውና ፍጻሜያቸው በአንድ ቀን ስለተመዘገቡ፣ ኮንሰርቱ ከመጀመሩ አሥራ ስምንት ሰዓት ቀድሞ ያበቃ ይመስል ነበር።

ዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት እየደመሩ መቀየር አያስተማምንም። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ስትሆን ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያሉት ቀናት ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋሉ፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ሲውል መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። በዓላትም እንዲሁ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ገና አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ቢከበርም በ2016 የተከበረው ታኅሣሥ 28 ነበር፤ ጥምቀት ግን ጥር 11ን ስለማይለቅ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 20 ላይ ዋለ። ስለዚህ ቅየራውን ለአይሲዩ ተውኩት። ይህ በነፃ የሚገኝ የሶፍትዌር ስብስብ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ዎርድፕረስ በተጻፈበት በፒኤችፒ ቋንቋም ኢንትል በተባለው ማስፋፊያ በኩል መጠቀም ይቻላል። ሰዓቱን ግን ምንም ሶፍትዌር ሊገምተው ስለማይገባ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» እና «ከሌሊቱ» የሚሉት በራሳቸው አምድ ተለይተው ተቀመጡ።

መረጃው ከተስተካከለ በኋላ ርዕሱን ማቀናበር ቀላል ሆነ። ቅደም ተከተሉ የዝግጅቱ ስም፣ ቦታው፣ ከዚያም ቀኑ እንዲሆን ወሰንኩ፤ የድረ ገጹን ስም ከርዕሱ አወጣሁት፤ ምክንያቱም ሰው የሚፈልገው ዝግጅቱን እንጂ እኛን አይደለም። ጎግል ለርዕስ ያስቀመጠው የፊደል ቁጥር ገደብ የለም፤ በስክሪኑ ላይ ካለው ስፋት ያለፈውን ይቆርጣል፤ ፊደሎቻችን ደግሞ ሰፋ ያሉ በመሆናቸው ለላቲን የሚሰጠውን የስድሳ ፊደል ምክር እንዳለ መቀበል አያዋጣም። መግለጫው ላይ የገጠመን ችግር ለየት ያለ ነበር። የድረ ገጹ አሮጌ ኮድ ከገጹ ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹን 155 ባይቶች (ባይት የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ ነው) ቆርጦ መግለጫ ያደርግ ነበር። ኮምፒውተሮች ጽሑፍ በሚያስቀምጡበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ለእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚበቃው ቦታ ለአማርኛ ከሃምሳ ፊደል ብዙም አይዘልም፤ ይባስ ብሎም መቁረጫው ፊደሉ መሐል ላይ ሲያርፍ በመግለጫው መጨረሻ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ምልክት ይታያል። ኮዱ በባይት ምትክ ፊደል እንዲቆጥርና ከቃል መሐል እንዳይቆርጥ አደረግሁ። ቁልፍ ቃላት ይጻፉበት የነበረውን መስክም ሙሉ በሙሉ አስወገድኩ፤ ጎግል ለድረ ገጾች ደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2009 በይፋ አሳውቋልና።

የአጻጻፍ ልዩነትም መታየት ነበረበት። ሰርች ኮንሶል የተባለው የጎግል መሣሪያ ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንደመጡ ስለሚያሳይ፣ «ቴአትር» እና «ትያትር»፣ «ዐውደ ርዕይ» እና «ኤግዚቢሽን» ጎን ለጎን እንደሚፈለጉ ተመለከትን። በርዕሱ አንዱን አጻጻፍ ብቻ ጠበቅን፤ በመግለጫው ግን ሌላው ቃል ለዓረፍተ ነገሩ ተፈጥሯዊ ሲሆን ብቻ ገባ። ሁሉንም አጻጻፍ መደርደር ለአንባቢው ክብር አለመስጠት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ አፈጻጸሙ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የዳታቤዙን ሙሉ ባክአፕ ወሰድኩ፤ ቀጥሎም ሥራው ሁሉ በሙከራ ቅጂ ላይ እንዲጀመር አደረግሁ። አዲሶቹን ርዕሶች ባዘጋጀሁበት ሰንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ የሚለየው በገጹ መለያ ቁጥር ነበር፤ ተመሳሳይ ርዕስ ያላቸው ገጾች ብዙ ስለነበሩ በርዕስ መለየት አይቻልም። ከአዲሱ ርዕስ አጠገብ አሮጌው በራሱ አምድ ቆየ፤ አንድ ነገር ቢበላሽ የሚመለሰው ከዚያ ነው። ሰንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚይዘውን የሲኤስቪ ፋይል በኤክሴል ለሚከፍት ሰው የምመክረው፣ ፋይሉ የባይት ቅደም ተከተል ምልክት (BOM) ባለው ዩቲኤፍ-8 መቀመጡን እንዲያረጋግጥ ነው፤ ያለዚያ አማርኛው ሁሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይከፈታል፤ በዚያው ሴቭ ከተደረገ ደግሞ መመለሻ የለውም። ማስገባቱን በዎርድፕረስ የትእዛዝ መስመር በኩል አደረግሁት። በዳታቤዝ ቋንቋው በኤስኪውኤል በቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ መጻፍ ፈጣን ቢመስልም ዮስት ርዕሶችን በሌላ የራሱ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሚያከማች፣ ያ ሠንጠረዥ እንደገና እስኪገነባ ድረስ ገጹ አሮጌውን ርዕስ ማሳየቱን ይቀጥላል። በቅድሚያ የገቡት በቅርቡ የሚካሄዱት ዝግጅቶች ናቸው፤ ሰው በእነሱ ምክንያት መንገድ ስለሚወጣ።

አዲሱ መግለጫ ቢገባም ጎግል ብዙ ጊዜ ከገጹ ጽሑፍ የራሱን ቀንጭቦ ያሳያል። ይህን ማስገደድ አይቻልም፤ ስለዚህ ቦታውና ቀኑ በገጹ የመጀመሪያ አንቀጽ ውስጥም በዓረፍተ ነገር እንዲጻፉ አደረግን። ይህ ከመግለጫው እኩል ጠቅሞናል ብል ማጋነን አይሆንም።

የተሰረዘ ዝግጅት ገጹ እንዲጠፋ መፍቀድ ተገቢ አይደለም፤ ትኬት የቆረጠ ሰው ፈልጎ የሚመጣው በዚያው ስም ነውና። ስኪማ ለዚህ የራሱ ምልክት አለው፦ ለተሰረዘው የቀድሞው ቀን እንዳለ ቀርቶ ሁኔታው ብቻ ይለወጣል፤ ቀኑ ለተቀየረው አዲሱ ቀን ሲገባ አሮጌው «የቀድሞ መጀመሪያ» በሚለው መስክ ይቀመጣል። ያለፉትን ዝግጅቶች ደግሞ በርዕሳቸው «የተካሄደ» የሚል እንዲጨመርባቸው አደረግሁ፤ በየዓመቱ ለሚደገሙት ባዛሮች አንድ ቋሚ ገጽ ተዘጋጅቶ ያለፉት ዓመታት ከዚያ ጋር ተያያዙ።

አገራችን ውስጥ የዝግጅት ሊንክ በአመዛኙ የሚዘዋወረው በቴሌግራም ስለሆነ፣ ለፍለጋ የተዘጋጀው ርዕስና መግለጫ ሊንክ ሲጋራ የሚታየውን ቅድመ ዕይታ በሚወስኑት፣ ኦፕን ግራፍ በተባሉት መስኮችም እንዲገባ ማድረግ አይዘለልም። ቴሌግራም አንድ ጊዜ ያነበበውን ቅድመ ዕይታ ስለሚያስቀምጥ፣ ቀኑ የተቀየረ ዝግጅት ሊንክ በየግሩፑ አሮጌውን ቀን ይዞ ሊዞር ይችላል፤ ዌብፔጅቦት ለተባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩን መላክ ቅድመ ዕይታውን ያድሰዋል። አዘጋጆች ቀን መቀየራቸውን ባሳወቁን ቁጥር ይህን ማድረግ የሥራችን አካል ሆኗል።

አሁን አዲስ ዝግጅት የሚመዘገብበት ቅጽ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀበልና የጎርጎርዮሱን ከጎኑ አሳይቶ መዝጋቢው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ሳይመረጥ ሰዓት ብቻ የተጻፈበትን ምዝገባ አይቀበልም።