የቤንዚን ዋጋ ውስጥ የፖለቲካው እጅ የቱ ጋ ነው?

ቤንዚን በተወደደ ቁጥር አንዱ «መንግሥት ነው ያስወደደው» ይላል፤ ሌላው «የዓለም ገበያ ነው፤ መንግሥት ምን ያድርግ?» ብሎ ይመልሳል። ዋጋውን ሳይበታትኑ መከራከር ግን የትም አያደርስም። ስሌቱ ደግሞ ከባድ አይደለም።

አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል 80 ዶላር ቢሸጥ፣ ለአንድ ሊትር 50 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። በርሜሉ 10 ዶላር ሲጨምር ሊትሩ ላይ የሚታከለው 6 ሳንቲም አካባቢ ነው። ጭማሪውን በዕለቱ ምንዛሪ አባዙትና ማደያው ከጨመረው ጋር አስተያዩት፤ ድፍድፉ ማደያ እስኪደርስ ጥቂት ሳምንታት እንደሚፈጅም አትርሱ። ማደያው ከዚህ በብዙ ካስበለጠ ምክንያቱን ማጣሪያው፣ ማጓጓዣው፣ ምንዛሪው ወይም ታክሱ ውስጥ ፈልጉ።

ድፍድፉ ላይ አንድ መሪ ብቻውን የሚችለው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ብሬንት (የዓለም ገበያ መለኪያ የሆነው ድፍድፍ) በበርሜል ከ120 ዶላር አለፈ። አሜሪካ ለክፉ ቀን ካስቀመጠችው ስትራቴጂካዊ የነዳጅ ክምችቷ 180 ሚሊዮን በርሜል ለማውጣት ወሰነች፤ በቀን 1 ሚሊዮን ማለት ነው። ዓለም በቀን 100 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ስለሚጠቀም፣ ይህ ግዙፍ የሚመስል እርምጃ ከፍጆታው አንድ በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ኦፔክ ፕላስ፣ ማለትም የኦፔክ አባላትና እንደ ሩሲያ ያሉ አጋር ነዳጅ አምራቾች ስብስብ፣ የምርት ኮታውን በቀን በ2 ሚሊዮን በርሜል ለመቀነስ ተስማማ። አምራቾች ሲተባበሩ ጉልበታቸው የዚህን ያህል ነው። አረብ አምራቾች ነዳጅ አንሸጥም ባሉበት በ1973ቱ ማዕቀብማ በርሜሉ በጥቂት ወራት ከ3 ዶላር ወደ 12 ዶላር ገደማ ተተኩሷል።

የየአገሩ መንግሥት እጅ በግልጽ የሚታየው ታክሱ ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የቤንዚን ታክስ ከ1993 ጀምሮ በጋሎን (3.8 ሊትር ገደማ) 18.4 ሳንቲም ላይ እንደቆመ ነው፤ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ይጨምሩበታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ አባላቱ በሊትር ቤንዚን ከ0.359 ዩሮ በታች ኤክሳይስ (በተወሰኑ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) እንዳያስከፍሉ ደንግጓል። ያው ድፍድፍ ሁለት አገር ላይ ሁለት ዋጋ የሚያወጣው በአብዛኛው በዚህ ነው። በነገራችን ላይ በሊትር ይህን ያህል ተብሎ የተቆረጠ ታክስ ድፍድፉ ሲወደድ አብሮ አይጨምርም። በመቶኛ የሚሰላው ተጨማሪ እሴት ታክስ ግን አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ መንግሥት ምንም ሳይወስን ገቢው ያድጋል።

ድጎማ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የማደያው ዋጋ ከማስገቢያው ወጪ በታች ሲታሰር ልዩነቱን በጀት ይሸፍናል። በጀቱ ክፍያ ሲያዘገይ አስመጪው መርከብ ማዘዙን ይቀንሳል፤ ወረፋ ይመጣል፣ ድንበር ላይ ኮንትሮባንድ ይደራል፣ ቤንዚን በጀሪካን በጥቁር ገበያ ይሸጣል። በዚያን ጊዜ ማደያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ሰው በእርግጥ የሚከፍለው አይደለም። ናይጄሪያ በግንቦት 2023 መጨረሻ ድጎማውን ስታነሳ የማደያ ዋጋ ወዲያውኑ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በቀጣዩ ወር መንግሥት የምንዛሪ ዋጋውን ለገበያ ሲለቀው የአገሪቱ ገንዘብ ናይራ ወደቀ፣ በዶላር የሚገዛው ቤንዚንም ሌላ ጭማሪ ተከተለው። ሁለቱም የመንግሥት ውሳኔዎች ነበሩ። ድጎማ በአንድ ሌሊት ከሚነሳ አስቀድሞ በታወቀ መርሐ ግብር በየወሩ በትንሽ በትንሹ ቢቀነስ፣ ታሪፍ የሚያወጣውም ሆነ ጭነት የሚያመላልሰው ሂሳቡን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል።